ለአዛውንት ተሳፋሪዎች የከተማ አውቶቡስን ማሻሻል፦ ከየትኛው እንጀምር?

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ጤናዋ ደህና ነው። ባለፈው ክረምት ለሐኪም ቀጠሮ አብሬያት ወጣሁ። ፌርማታው ላይ መቀመጫ ስለሌለ የአጥር ብረት ተደግፋ ጠበቀች። አውቶቡሱ ሲመጣ ከእግረኛ መንገዱ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ቆመ። መሀል ላይ የዝናብ ውሃ ተኝቷል። መጀመሪያ ወደ አስፋልቱ ወረደች፣ ከዚያ የአውቶቡሱ ደረጃ መጣ። ለእኔ ተራ ደረጃ ነው። ለእሷ ግን ከጉልበቷ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚጀምረው። በአንድ እጇ ብረቱን፣ በሌላው ከዘራዋን ይዛ ወጣች፣ እኔ ከኋላ ደገፍኳት። ሁለተኛው ደረጃ ላይ እያለች አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። አንድ ወጣት ክንዷን ባይዝ ኖሮ ትወድቅ ነበር። "እማማ፣ ይቀመጡ" ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። ከተቀመጠችም በኋላ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስንመለስ "ከእንግዲህ አውቶቡስ አልሳፈርም" አለችኝ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አውቶቡስ የተወ አዛውንት ቀስ በቀስ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ እድሩን፣ ለቅሶ መድረሱን፣ የሐኪም ቀጠሮውንም ይተዋል።

ስለ አዛውንቶችና ትራንስፖርት ሲወራ ሁልጊዜ ሁለት ሐሳቦች ቀድመው ይነሳሉ። አንዱ "በነፃ ይሳፈሩ" ነው። ሌላው "አዲስ ዘመናዊ አውቶቡስ ይገዛ" ነው። ሁለቱም ጥሩ ሐሳቦች ናቸው። ግን አማራጮቹ እነዚህ ብቻ አይደሉም፣ ቅደም ተከተሉም መታሰብ አለበት። ይህን ንጽጽር የማቀርበው ለከተማ ትራንስፖርት ኃላፊዎች፣ አውቶቡስ ለሚገዙና ለሚያሰማሩ ድርጅቶች፣ ለእድሮች እና እንደኔ እናት አባት ላላቸው ልጆች ነው። ምሳሌዬ በአብዛኛው አዲስ አበባ ናት፣ ምክንያቱም የማውቃት እሷን ነው።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ።

አንደኛው፣ የትኛውን የጉዞ ክፍል ይፈታል የሚለው ነው። የአንድ አዛውንት ጉዞ ከቤት ደጃፍ ይጀምራል። ወደ ፌርማታ መሄድ አለ፣ መጠበቅ አለ፣ መውጣት አለ፣ ወንበር ጋር መድረስ አለ፣ መውረድና መንገድ መሻገር አለ። ከነዚህ አንዱ ከተበላሸ የቀሩት ቢስተካከሉም ሰውየው ቤቱ ይቀራል። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ወጪ ነው። መጀመሪያ የሚወጣውንና በየዓመቱ የሚቀጥለውን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ጊዜ ነው፦ በሳምንታት ይደርሳል ወይስ በዓመታት? አራተኛው፣ ሌላ ማን ይጠቀማል? ነፍሰ ጡር፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ እግሩን የተሰበረ ወጣት፣ ዘንቢል የተሸከመ ሰው ሁሉ ከአዛውንቱ ጋር አንድ ችግር አላቸው። አምስተኛው ዘላቂነት ነው። ዛሬ ተሠርቶ በዓመቱ የሚበላሽ ነገር ገንዘብ ማባከን ነው።

አማራጭ 1፦ የሾፌሩና የትኬት ቆራጩ አሠራር

ብዙ ሰው ይህን እንደ ምክር እንጂ እንደ ማሻሻያ አያየውም። እኔ ግን በዚህ ነው የምጀምረው።

ሦስት ደንቦች ናቸው። አውቶቡሱ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተጠግቶ ይቁም። አዛውንቱ እስኪቀመጥ ወይም ብረት ጨብጦ እስኪደላደል አይንቀሳቀስ። ሲነሳም ሲቆምም በእርጋታ ይሁን።

ለምን ይሄ ቀደመ? አዛውንቶች አውቶቡስ ውስጥ ከሚጎዱባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ግጭት የሌለበት አደጋ ነው። መኪናው ምንም አልነካም፣ ምንም አልገጨም። ድንገት ሲነሳ ወይም ፍሬን ሲያዝ ቆመው ያሉት ይወድቃሉ። ወጣት ቢወድቅ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። የ75 ዓመት ሰው ዳሌው ከተሰበረ ግን ቀሪ ሕይወቱ ሊለወጥ ይችላል።

ሾፌሮቹን መውቀስ ብቻ ፍትሐዊ አይደለም። አንድ ሾፌር በቀን ስንት ምልልስ እንደሠራ ብቻ ከተቆጠረበት፣ አንዲት እናት እስኪቀመጡ መጠበቅ እሱን የሚጎዳ ነገር ይሆናል። ደንቡን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ምልልስ መቁጠር ዋጋ የለውም። ስለዚህ የጉዞ ሰዓቱ ሲወጣ በየፌርማታው ትንሽ ትርፍ ጊዜ ይያዝ። ሾፌሩ ሲገመገምም አነዳዱ ይታይ። ሌላው እንቅፋት ፌርማታው ራሱ ነው። ሚኒባስ ታክሲ ቆሞበት፣ የቤት መኪና ቆሞበት፣ ዕቃ ተዘርግቶበት ሾፌሩ በየት ይጠጋል? እዚህ ላይ የትራፊክ ፖሊስና የደንብ አስከባሪ ሥራ ይገባበታል።

ወጪው ሥልጠናና ክትትል ነው። በሳምንታት ሊጀመር ይችላል፣ ሁሉንም ተሳፋሪ ይጠቅማል። ድክመቱ ክትትል ሲላላ ወዲያው ወደ ድሮው መመለሱ ነው።

አማራጭ 2፦ ፌርማታውን ማስተካከል

ፌርማታ ሲባል ብዙ ጊዜ ጣሪያ ነው የሚታሰበው። ጣሪያ በክረምትም በበጋም ያስፈልጋል። ለአዛውንት ግን ከጣሪያ የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው መቀመጫ ነው፣ ያውም የእጅ መደገፊያ ያለው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከመቀመጥ ይልቅ መነሳቱ ነው የሚከብደው። ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ በሁለቱ ጎን እጅ የሚያሳርፍ አግዳሚ ወንበር ይበቃል። ዝቅ ያለ የድንጋይ መቀመጫ ያምራል፣ እናቴ ግን አትቀመጥበትም። "ማን ያስነሳኛል?" ትላለች።

ሁለተኛው የጠርዙ ከፍታ ነው። እዚህ ትንሽ ስሌት እንሥራ። የአውቶቡሱ የመጀመሪያ ደረጃ ከአስፋልቱ 36 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ከአስፋልት የሚወጣ ሰው ሙሉውን 36 ይወጣል። 18 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ጠርዝ ላይ ቆሞ የሚወጣ ሰው ግን የቀረውን 18 ብቻ ይወጣል። ያ የተለመደ የቤት ደረጃ ነው። አውቶቡሱ አልተለወጠም፣ ድንጋይ ብቻ ነው የተሠራው። በጀርመን የካሰል ከተማ ለዚሁ ብሎ የተሠራ ልዩ ጠርዝ አለ። ወደ መንገዱ በኩል ጎንበስ ያለ ቅርጽ ስላለው ሾፌሩ ጎማውን ሳይጎዳ ተጠግቶ መቆም ይችላል። ስሙም "የካሰል ጠርዝ" ሆኖ ቀርቷል፣ በሌሎች አገሮችም ተሠርቶበታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ብዙ የእግረኛ መንገዶች ፈርሰው እንደገና ተሠርተዋል። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው። ድንጋይ የሚነጥፈው ሠራተኛ ቦታው ላይ እያለ ፌርማታው ጋር ያለውን 20 ሜትር ብቻ ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ኋላ መጥቶ አፍርሶ ከመሥራት በብዙ ይረክሳል።

ግን አንድ ነገር አስምሩበት። ሾፌሩ ካልተጠጋ ጠርዙ ዋጋ የለውም። ስለዚህ አማራጭ 2 ያለ አማራጭ 1 ግማሽ ሥራ ነው።

በጀቱ ለሁሉም ፌርማታ ካልበቃ አዛውንቶች ከሚበዙበት መጀመር ነው። እንደ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ ቅዱስ ጳውሎስና ምኒልክ ባሉ ሆስፒታሎች አካባቢ፣ በአብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ደጃፍ፣ በገበያ ቦታዎች።

አማራጭ 3፦ ወለሉ ዝቅ ያለ አውቶቡስ

ዝቅተኛ ወለል ያለው አውቶቡስ በሩ ላይ ደረጃ የለውም። የበሩ ወለል ከመሬት ከ32 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ብዙዎቹም ሲቆሙ በበሩ በኩል ጎንበስ ብለው ከዚያ ላይ ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ይቀንሳሉ። ከተስተካከለ ጠርዝ ጋር ሲገናኝ እንደ ደፍ መሻገር ነው የሚሆነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱትም በሚዘረጋ መወጣጫ ይገባሉ። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ለቅርስ ከተተዉት መስመሮች በስተቀር ሁሉንም አውቶቡሶቿን በዚህ ቀይራ ጨርሳለች።

ድክመቱን እንናገር። ወለሉ ዝቅ ያለ መኪና ጉድጓድ የበዛበትና ከፍ ያለ ፍጥነት መቀነሻ ያለበት መንገድ ላይ ሆዱ ይፋተጋል። ጎማዎቹ ውስጥ ድረስ ስለሚገቡ የተወሰነ የወንበር ቦታ ይወስዳሉ። ጎንበስ የሚያደርገው የአየር ሥርዓትም ጥገና የሚያውቅ ባለሙያና መለዋወጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ለሁሉም መስመር አይሆንም። ለዋናዎቹ የአስፋልት መስመሮች ግን ይሆናል። መሀል ቤት ያለ አማራጭም አለ፦ ከፊት እስከ መሀለኛው በር ዝቅ ብሎ ከኋላ ደረጃ ያለው። ዋጋውም ጥገናውም ይቀላል። እሱን የሚመርጥ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ይበል። ትኬት የሚቆረጥበትና ተሳፋሪው የሚገባበት በር ዝቅ ያለው በር ይሁን። አለበለዚያ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት በር መውረጃ ብቻ ይሆናል።

የከተማ አውቶቡስ አንዴ ከተገዛ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል። ዛሬ ባለ ሦስት ደረጃ አውቶቡስ መግዛት ለቀጣዮቹ አሥር ዓመታት አዛውንቶችን ደጅ ማስቀረት ነው። አገራችን የኤሌክትሪክ መኪኖችን እያበረታታች ባለችበት በዚህ ጊዜ የሚገዙ አውቶቡሶች ላይ የወለሉ ከፍታ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ በሴንቲ ሜትር ይጻፍ። "ዘመናዊና ምቹ" የሚል ቃል ማንንም አያስገድድም።

ያሉትንስ? አንበሳም ሆነ ሌላ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ያሉትን መጣል አይቻልም፣ ማሻሻል ግን ይቻላል። በሩ በሁለቱም ጎን በእጅ መዳፍ ሙሉ የሚጨበጥ፣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደማቅ ቢጫ ብረት ይደረግበት። የደረጃው ጫፍ ዐይኑ ለደከመ ሰው እንዲታይ በቢጫ ይቀባ፣ የማያንሸራትት ነገር ይለጠፍበት። ደወሉ ተቀምጦ የሚደረስበት ቦታ ይሁን። ይሄ ሁሉ በጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ነው።

እዚህ ላይ የቀላል ባቡሩን ተሞክሮ ማንሳት ይጠቅማል። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ሲጀምር የባቡሩ ወለል ዝቅ ያለ ነበር፣ መግቢያውም ለአዛውንት አይከብድም። ድልድይ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች ግን አስቡ። መጀመሪያ እዚያ መውጣት አለ። ጥሩ ተሽከርካሪ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ሙሉ የፈጣን አውቶቡስ መስመር፣ ማለትም ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል የሆነ ጣቢያ መሥራትም ሌላ መንገድ ነው። የብራዚሏ ኩሪቲባ ቱቦ መሰል ጣቢያዎቿን እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረች። ለአዛውንት ከዚህ የተሻለ የለም። ወጪው ግን የከተማ ሳይሆን የአገር ውሳኔ ይፈልጋል፣ ስለዚህ እዚህ አልዘረዝረውም።

አማራጭ 4፦ የዋጋ ቅናሽ ወይም ነፃ ጉዞ

ይሄን አማራጭ እወደዋለሁ። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ በጡረታ ብር የሚኖር ሰው ሳንቲም ይቆጥራል። ብዙ እናቶች ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ውስጥ ሠርተው የራሳቸው ጡረታ እንኳ የላቸውም።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ለንደን ለአዛውንቶች ነፃ መጓጓዣ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በእንግሊዝ የሚሠራው ነፃ የአውቶቡስ ካርድ በሥራ ቀን የሚጀምረው በአጠቃላይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡30 በኋላ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኙ የከተማ ትራንስፖርቶች ዕድሜያቸው 65 ለሆነና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ግፊያ በሌለበት ሰዓት ከግማሽ ዋጋ በላይ እንዳያስከፍሉ ሕጉ ያስገድዳል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ደግሞ የከተማዋን አውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነፃ አድርጋለች።

ታዲያ ለምን አላስቀደምኩትም? ዋጋ የእናቴን ደረጃ አያሳጥረውም። መውጣት ለማይችል ሰው ነፃ ትኬት ምንም አያደርግለትም። ሁለተኛ አደጋም አለው። የቀረውን ገቢ መንግሥት ለአውቶቡስ ድርጅቱ ካልተካለት፣ በነፃ የሚሳፈረው አዛውንት እንደ ሸክም መታየት ይጀምራል። ፌርማታ ላይ ከዘራ የያዘ ሰው አይቶ የሚያልፍ ሾፌር እንዲመጣ አልፈልግም።

ከተደረገ ግን በቀላሉ ይደረግ። ለብቻው ካርድ ለማውጣት አዛውንትን ወረዳ ማመላለስ አያስፈልግም። የልደት ዘመኑ ያለበት የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ በቂ ነው። ዕድሜውም ከጡረታ መውጫው ከ60 ጋር ቢያያዝ ለመረዳት ይቀላል። ሰዓቱን ከ4 እስከ 9 ማድረግ ሁለት ጥቅም አለው፦ አውቶቡሱ በዚያ ሰዓት ይቀላል፣ አዛውንቱም ከግፊያ ይድናል።

አማራጭ 5፦ በጥሪ የሚመጣ ልዩ መኪና

በዋሽንግተንና አካባቢዋ በአካል ጉዳት ምክንያት መደበኛውን አውቶቡስ መጠቀም ለማይችሉ ሰዎች በቀጠሮ ከቤት የሚወስድ አገልግሎት አለ። እዚያ ያሉ አንዳንድ የኛ እናቶችና አባቶችም ይጠቀሙበታል። መውጣት ጨርሶ ለማይችል ሰው ሌላ አማራጭ ስለሌለ ይህ ያስፈልጋል። ግን ለአንድ ጉዞ የሚወጣው ወጪ ከመደበኛው አውቶቡስ በብዙ ይበልጣል። ለብዙኃኑ አዛውንት መልስ ሊሆን አይችልም። እንደ መጨረሻ መረብ መታየት አለበት።

ስለ ተለየ ወንበር

"ለአዛውንት" የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ርካሽ ነው፣ ይለጠፍ። ግን ለታላቅ መነሳት የኛ ባህል ነው፣ አውቶቡስ ውስጥም ዛሬም አለ። ችግሩ አውቶቡሱ ጢም ሲል አዛውንቱ ከበሩ እስከ ወንበሩ የሚያልፍበት ማጣቱ ነው። ወንበሩ በሩ አጠገብ ይሁን። ከዚያ ውጪ መፍትሔው አውቶቡስ መጨመር ነው።

ንጽጽሩ ባጭሩ

| አማራጭ | የሚፈታው የጉዞ ክፍል | ወጪ | የሚወስደው ጊዜ | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|
| የሾፌርና ትኬት ቆራጭ አሠራር | መውጣት፣ ውስጥ መቆም፣ መውረድ | ዝቅተኛ | ሳምንታት | ክትትል ይፈልጋል |
| መቀመጫና ከፍ ያለ ጠርዝ | መጠበቅ፣ መውጣት | መካከለኛ | ወራት | ሾፌሩ ካልተጠጋ አይሠራም |
| ያለውን አውቶቡስ ማሻሻል | መውጣት፣ ውስጥ መቆም | ዝቅተኛ | ወራት | ደረጃውን አያስቀርም |
| ወለሉ ዝቅ ያለ አዲስ አውቶቡስ | መውጣት፣ መውረድ | ከፍተኛ | ዓመታት | ጥሩ መንገድና ጥገና ይፈልጋል |
| ቅናሽ ወይም ነፃ | የኪስ ችግር | በየዓመቱ የሚቀጥል | ወራት | መውጣት ለማይችል አይረዳም |
| በጥሪ የሚመጣ መኪና | ከቤት እስከ መድረሻ | በነፍስ ወከፍ እጅግ ከፍተኛ | ዓመት ገደማ | ጥቂት ሰው ብቻ ያገለግላል |

ለማን የትኛው ይሆናል?

በጀት የሌለው የትራንስፖርት ኃላፊ በአንድ መስመር ይጀምር። ሆስፒታል ያለበትን መስመር መርጦ ሦስቱን ደንቦች ያስተምር፣ የጉዞ ሰዓቱን ያላላ፣ ፌርማታዎቹን ከቆሙ መኪኖች ነፃ ያስደርግ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጠዋት ራሱ ፌርማታ ላይ ቆሞ ይይ። ስንት አውቶቡስ እንደተጠጋ፣ ስንት አዛውንት ሞክሮ እንደተመለሰ ይቁጠር።

መጠነኛ በጀት ያለው መቀመጫና ጠርዝ ይሥራ፣ በዚያው መስመር ያሉ አውቶቡሶችን ብረትና ደረጃ ያድስ። ሦስቱ አንድ መስመር ላይ ሲገናኙ ለውጡ ይታያል። በከተማው ሁሉ ከተበተኑ ግን ማንም አያያቸውም።

አዲስ አውቶቡስ ሊገዛ የተነሳ ድርጅት ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሦስት አዛውንቶችን ጋብዞ ናሙናውን ያስሞክር። ከዘራቸውን ይዘው ይውጡ፣ ይቀመጡ፣ ይውረዱ። በወረቀት የማይታይ ብዙ ነገር ይነግሩታል።

ቅናሹን ማስቀደም የሚገባበት ቦታም አለ። የአካባቢው አዛውንቶች አሁንም እየተሳፈሩ ግን ጉዞ የቀነሱት ገንዘብ አጥሯቸው ከሆነ እሱ ይቅደም። ይህን ለማወቅ መጠየቅ ብቻ ነው። እድር ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው፣ ምክንያቱም ማን ከቤት መውጣት እንዳቆመ እድሩ ያውቃል። እድሮች ደግሞ ከወረዳው ጋር ተነጋግረው ለሰፈራቸው ፌርማታ አንድ መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር ማሠራት ይችላሉ። ይህ ከአንድ ሰፈር አቅም በላይ አይደለም።

ቤተሰብ ደግሞ ነገ ጠዋት የሚያደርገው አለ። ቀጠሮው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዲሆን ጠይቁ። ከተቻለ አውቶቡሱ ከሚነሳበት ፌርማታ ተሳፈሩ፣ እዚያ ወንበርም ይገኛል፣ ሾፌሩም አይቸኩልም። ሲወጡ ከኋላ፣ ሲወርዱ ከፊት ሁኑ። ከዘራውን እናንተ ያዙላቸው፣ ሁለት እጃቸው ለብረቱ ነፃ ይሁን። ሾፌሩ ሊነሳ ሲል ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ "ቆይ፣ ሰው አለ!" በሉ። ሌሎችም ያግዟችኋል።

እናቴ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ አውቶቡስ ተሳፈረች። መነሻ ፌርማታው ድረስ በእግር ወሰድኳት፣ ሩቅ አይደለም። ትኬት ቆራጯ አይታት "ቀስ ይበሉ እማማ፣ እንጠብቅዎታለን" አለቻት። ሾፌሩም ጠበቀ። ሐሙስ ሐሙስ አሁን እህቷን ልትጠይቅ ትሄዳለች። አውቶቡሱ ግን አሁንም ከጠርዙ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው፣ እሷም ከአስፋልቱ ነው የምትወጣው።